ለቃጫ ኮምፖዚት፦ ኮስቲክ ሶዳ ወይስ ሲሌን?

ኮምቦልቻ ላይ ቃጫን ከፖሊስተር ሬዚን (ፈሳሽ ሆኖ ፈስሶ ከሚጠነክር ፕላስቲክ) ጋር አዋህዶ ኮምፖዚት ሰሌዳ መሥራት ለሚያስብ ሰው ቀዳሚው ጉዳይ ሬዚኑ የሚጣበቅበት የቃጫው ገጽ ነው። ገጹን ለማከም ከሚያገለግሉት ኬሚካሎች ሁለቱ ኮስቲክ ሶዳና ሲሌን ናቸው።

ኮስቲክ ሶዳ ርካሽ ነው። 5 በመቶ ገደማ በሆነ ሙሙት (ሶዳው በውኃ የሟሟበት ፈሳሽ) ውስጥ የተዘፈዘፈ ቃጫ ሰሙንና ከፊል ሊግኒኑን (የተክል ክሮችን አጣብቆ የሚይዘውን ንጥረ ነገር) ይለቃል፤ ገጹ ስለሚሻክር ሬዚኑ አጥብቆ ይይዘዋል። ሙሙቱ ከበረታ ግን ክሩ ራሱ ይደክማል። ያለ ጓንት ፈጽሞ አይነካም!

የሲሌን ሞለኪዩል በአንድ ጫፉ ከቃጫው፣ በሌላው ከሬዚኑ ጋር በኬሚካል ይተሳሰራል። ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው እርጥበት ሲመጣ ነው፦ ውኃ የገባበት ቃጫ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ በዚህ መመላለስ ከሬዚኑ ይላቀቃል። ሲሌን መላቀቁን ያዘገያል፤ ዋጋው ግን ይከብዳል።

ለቤት ውስጥ ጠረጴዛ ሶዳው ይበቃል። የደሴ ክረምት ለሚወርድበት ጣሪያ ግን በሶዳ ታክሞ፣ በደንብ ታጥቦና ደርቆ ሲሌን የተቀባውን ቃጫ እመርጣለሁ።