ፖሊስ ሲፈትሽ፦ በማዘዣ ወይስ ያለ ማዘዣ?

ጅማ፣ ሂርማታ ገበያ ያለ ሱቅ እናስብ። የተሰረቁ ስልኮች አሉበት ተብሎ ተጠቁሟል።

ፖሊስ የፍርድ ቤት ማዘዣ ይዞ ከመጣ ነገሩ ቀላል ነው። ወረቀቱ የሚፈለገውን ዕቃ ይጠቅሳል። ወረቀቱ «ስልክ» የሚል ከሆነ፣ የቡና ጆንያ ጭኖ መሄድ የለም። ፍርድ ቤቱ ለይቶ ካልፈቀደ ደግሞ ፍተሻው ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ 12 ሰዓት ብቻ ነው።

ጣጣው ያለ ማዘዣ ሲሆን ነው። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 32 ይህን የሚፈቅደው ተጠርጣሪው እየተባረረ ሲገባ ነው። ወይም ከ3 ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል፣ ማዘዣ እስኪወጣ ማስረጃው ይሸሻል ተብሎ በበቂ ምክንያት ሲታመን። ክርክሩ እዚህ ላይ ነው። ጠቋሚው በምን አወቀ? ጊዜስ አልነበረም? ሱቁ ተቆልፎ፣ በሩ ላይ ፖሊስ ቆሞ ካደረ፣ እኔ «አጣዳፊ ነበር» የሚለው አይዋጥልኝም።