ከአደባባዩ በታች፦ የክራኮቭ የምድር ውስጥ ሙዚየምና የድሮ ምድር ቤቶቹ

በፖላንድ የክራኮቭ ከተማ እምብርት በሚገኘው ታላቅ አደባባይ፣ በደቡብ ምሥራቅ ማዕዘኑ፣ የቅዱስ ቮይቼህ ቤተ ክርስቲያን የምትባል ባለ ጉልላት ትንሽ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አለች። ከውጭ ቆሞ ግድግዳዋን በጥንቃቄ ለሚያይ ሰው የታችኛው ክፍሏ መሬት ውስጥ የተቀበረ ይመስለዋል፤ በእርግጥም ተቀብሯል። በ11ኛው ክፍለ ዘመን መሠረቷ ሲጣል ምእመናን ይረግጡት የነበረው መሬት ዛሬ ጎብኚዎች ከሚቆሙበት ንጣፍ ከሁለት ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነበር። የአደባባዩ ወለል በየዘመኑ ከፍ እያለ ስለ ሄደ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ግድግዳዎቿን ወደ ላይ ማስረዘምና አዲስ በር ማውጣት አስፈለገ። ስለ ከተማዪቱ የምድር ውስጥ ሙዚየም የምሰጠውን አስተያየት ከዚህች ቤተ ክርስቲያን የጀመርኩት፣ ወደ ሙዚየሙ ከመውረዴ በፊት እርሷን ማየቴ ከታች ያለውን ሁሉ እንድረዳ ስላደረገኝ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የሪኔክ (በፖላንድኛ የገበያ አደባባይ ማለት ነው) ምድር ውስጥ እየተባለ የሚጠራው ይህ ስፍራ የክራኮቭ ሙዚየም አንዱ ቅርንጫፍ ሲሆን፣ መግቢያው በአደባባዩ መካከል ከተንጣለለው ሱክዬኒትሴ ከሚባለው የጥንት የጨርቅ ነጋዴዎች አዳራሽ ነው። በ2005 የተጀመረው የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ እስከ 2010 ድረስ ቀጥሎ፣ በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር ቦታው ለሕዝብ ተከፈተ። ቁፋሮው የተካሄደው በሱክዬኒትሴና በቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን መካከል ባለው የአደባባዩ ምሥራቃዊ ክፍል ነው። የተገኘውን ነገር ነቅሎ ወደ ሌላ ሕንፃ ከመውሰድ ይልቅ፣ ባለበት ትቶ ከላዩ የአደባባዩን ንጣፍ እንደ ጣሪያ መዘርጋት መመረጡ ለእኔ የሙዚየሙ ትልቁ ብልህነት ነው። ጎብኚው አራት ሜትር ያህል ወርዶ የሚያገኘው ከሌላ ቦታ መጥቶ የተደረደረ ዕቃ አይደለም፤ ከሰባት መቶ ዓመት በፊት ሰዎች በተራመዱበት ቦታ ላይ ይቆማል።

በአንድ ጊዜ የሚገቡት ሰዎች ቁጥር የተወሰነ በመሆኑ ትኬቱ ሰዓት ተቆርጦለት ነው የሚሸጠው። እኔ በመጀመሪያው ቀን እኩለ ቀን ላይ ሳልመዘግብ ሄጄ የዕለቱ ቦታ ሁሉ ተይዞ ስለ ጠበቀኝ በማግስቱ ጠዋት ለመመለስ ተገድጃለሁ፤ ስለዚህ በተለይ በአውሮፓ የበጋ ወራት፣ ከጁን እስከ ኦገስት፣ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ በኢንተርኔት ቢገዛ ይሻለዋል። ጽሑፎቹ በፖላንድኛና በእንግሊዝኛ ናቸው። ወላጆቻቸውን ወይም አያቶቻቸውን ይዘው የሚሄዱ ሰዎች እየተረጎሙ ማስረዳት ስለሚኖርባቸው በቂ ጊዜ ይያዙ፤ አንድ ሰዓት ተኩል ዝቅተኛው ነው እላለሁ።

መግቢያው ላይ በጉም መጋረጃ ላይ የጥንቱ ከተማ ሕይወት በብርሃን ይታያል፤ ጎብኚው ያንን ጉም ሰንጥቆ ነው ወደ ውስጥ የሚገባው። ልጆች ይህን እጅግ ይወዱታል። የእኔን ልብ የያዘው ግን ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ነው። በመስታወትና በብረት ከተሠራው መረማመጃ ላይ ሆኖ ቁልቁል ሲመለከቱ፣ በድንጋይ የተነጠፈ የመካከለኛው ዘመን ጎዳና ይታያል፤ ድንጋዮቹ ላይ የጋሪ ጎማ በመመላለስ የቦረቦረው ቦይ አለ። ጣት የሚገባበት ያህል ጥልቅ የሆነውን ያንን ቦይ ለማበጀት ስንት ጋሪ፣ ስንት ፈረስ፣ ስንት ክረምት እንዳለፈ እያሰብኩ ረጅም ጊዜ ቆምኩ። የነገሥታት ዘውድና የጳጳሳት በትር በየሙዚየሙ ይገኛል፤ የባለ ጋሪ ድካም እንዲህ በድንጋይ ላይ ተጽፎ የሚነበብበት ቦታ ግን ጥቂት ነው።

ከአንዱ ጎዳና በታች ደግሞ ሌላ የቆየ ጎዳና አለ፤ በመካከላቸውም አሸዋ፣ አመድ፣ የበሰበሰ እንጨት፣ ፍግና የፈረሰ ግንብ ስብርባሪ በየንብርብሩ ተጋድሟል። የገበያው ጭቃ ሲበዛ የከተማው ሰዎች አሮጌውን ንጣፍ አያነሡትም ነበር፤ አሸዋ ደልድለው አዲስ ይነጥፉበታል። ይህ ሲደጋገም አደባባዩ ከፍ አለ። የቅዱስ ቮይቼህ ቤተ ክርስቲያን ወደ ታች የቀረችውም፣ በዙሪያው ካሉት ቤቶች አንዳንዶቹ ምድር ቤት ያገኙትም በዚሁ ምክንያት ነው። የአፈሩን ንብርብር የሚያሳየው ክፍል ብዙ ሰው የማይቆምበት ቢሆንም፣ የትኬቱን ዋጋ የሚክሰው እርሱ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሌላው ሁሉ ለዚህ ማስረጃ ነው።

ሌላው ጊዜ ሊሰጠው የሚገባ ስፍራ የሚዛን ቤቶቹና የሱቆቹ ፍርስራሽ ያለበት ነው። ከብደው ለሚገቡ ሸቀጦች ታላቁ የሚዛን ቤት፣ ለቀለሉትና ለውዶቹ ደግሞ ትንሹ ተሠርተው ነበር። ነጋዴው ዕቃውን በከተማው ሚዛን ሳያስመዝን መሸጥ አይችልም ነበር፤ ከተማዪቱም ገቢዋን ታገኝ የነበረው ከዚያ ነው። ከሃንጋሪ ተራሮች የመጣ መዳብ፣ ከኦልኩሽ የወጣ እርሳስ፣ ከቪዬሊችካና ከቦህኒያ የተቆፈረ ጨው በዚህ በኩል ነበር የሚያልፈው። ለእይታ ከቀረቡት ነገሮች ሁሉ ሳልረሳው የምኖረው 693 ኪሎ ግራም የሚመዝነውን የእርሳስ ክምር ነው። ድቡልቡል ዳቦ የመሰለ፣ ወደ ሰባት ኩንታል የሚጠጋ ነገር እንዴት ከጋሪ ወርዶ በሚዛን ላይ እንደ ወጣ ለማሰብ ያስቸግራል። በአጠገቡ ያሉት ትናንሽ ነገሮች፣ ማለትም ሳንቲሞች፣ የመጫወቻ ዳዶች፣ ጨሌዎች፣ የቆዳ ጫማና ውስጣቸው የተቦረቦረ የእንጨት የውሃ ቧንቧዎች፣ ያንን የከበደ ንግድ ወደ ሰው ልክ ይመልሱታል።

ጨው ሲነሣ ለኢትዮጵያዊ ጎብኚ ሁለት ነገር ማስታወስ ግድ ይሆናል። አንደኛው፣ በእኛም አገር አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ሲያገለግል የኖረ በመሆኑ፣ ጨው ከተማ ሊያቆም እንደሚችል ለማመን ማስረዳት አያስፈልገንም። ሁለተኛው ደግሞ፣ ዩኔስኮ በ1978 የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ከፖላንድ የክራኮቭን ጥንታዊ ከተማና የቪዬሊችካን የጨው ማዕድን፣ ከኢትዮጵያ ደግሞ የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናትና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን መዝግቧል። በላሊበላ ሰው አለቱን ወደ ታች እየፈለፈለ ቅዱስ ስፍራ አበጀ፤ በክራኮቭ ደግሞ መሬቱ ራሱ ወደ ላይ እያደገ አሮጌውን ከተማ ሸፈነው። ሁለቱን ቦታዎች ያየ ሰው ወደ ምድር የመውረድን ስሜት ለየቅሉ ያውቀዋል።

የመቃብሩ ክፍል ከሁሉ ይልቅ በዝግታ መታለፍ ያለበት ነው። ከተማዪቱ በሕግ ከመቋቋሟ በፊት፣ በ11ኛው ክፍለ ዘመን፣ ይህ ቦታ መካነ መቃብር ነበር። ከተገኙት አፅሞች አንዳንዶቹ በጎናቸው ተጠቅልለውና ታስረው የተቀበሩ ናቸው፤ ተመራማሪዎች ሙታኑ ተመልሰው ሕያዋንን እንዳይጎዱ በመፍራት የተደረገ ነው ብለው ይተረጉሙታል። ቀብር ክብር የሚሰጠው ነገር በሆነበት ባህል ላደግን ሰዎች፣ የታሰረ አፅም ማየት ልብን ይከብዳል። ከመቃብሩ ዘመን በኋላ ደግሞ እሳት መጣ፤ ሞንጎሎች በ1241 ከተማዪቱን ወርረው አቃጠሏት። ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ1257፣ ልዑል ቦሌስዋፍ ከጀርመን በመጣው የማግደቡርግ የከተማ አስተዳደር ሕግ አዲስ የከተማ ቻርተር ሲሰጥ፣ እያንዳንዱ ጎኑ 200 ሜትር ያህል የሆነው ይህ አደባባይ ተለክቶ ተዘረጋ። ዛሬ በውበቱ የምናደንቀው ቀጥ ያለ የጎዳናዎች አሰላለፍ በአመድና በመቃብር ላይ የተቀየሰ መሆኑን ከላይ ሆኖ ማንም አይገምትም።

ስለ አቀራረቡ ያለኝን ሐሳብ በግልጽ ልናገር። ስክሪን፣ ድምፅና ብርሃን በብዛት ጥቅም ላይ ውሏል። የፈረሰ ግንብ ብቻ አይቶ ሙሉ ሕንፃ በዓይነ ሕሊናው መሳል ለሚቸግረው ሰው ይህ ትልቅ እገዛ ነው፤ ከልጆች ጋር የሚሄድም ያመሰግናል። ዝምታን ለሚመርጥ እንደ እኔ ላለ ሰው ግን ምክሬ የጠዋቱን የመጀመሪያ ሰዓት መርጦ፣ በመጀመሪያው ዙር ስክሪኖቹን እያለፉ ወለሉን ብቻ መመልከት፣ ከዚያም ተመልሶ ማብራሪያውን ማየት ነው። ብርሃኑ ደብዘዝ ያለ ስለሆነ ዓይናቸው የደከመ ሰዎች መነጽራቸውን አይርሱ።

ከታች ሆነው ቀና ሲሉ በአደባባዩ ላይ ካለው የውሃ ፏፏቴ የመስታወት ፒራሚድ በኩል የቀን ብርሃን ይገባል፤ በዚያም ውስጥ የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ማማዎች ይታያሉ። ከዚያ ማማ ላይ በየሰዓቱ መለከት ይነፋል፤ ዜማውም በድንገት ይቋረጣል። የአገሬው አፈ ታሪክ፣ የሞንጎሎችን መምጣት ለማስጠንቀቅ ሲነፋ የነበረው መለከተኛ ጉሮሮው ላይ በቀስት ስለ ተመታ ነው ይላል። የ1241ን የቃጠሎ ታሪክ ከታች አንብቦ፣ ወጥቶ ያንን የተቆረጠ ዜማ መስማት ከሙዚየሙ ትኬት ጋር የማይከፈልበት ተጨማሪ ስጦታ ነው።

ጉብኝቱ ግን በመውጫው በር ባያበቃ እመርጣለሁ። በአደባባዩ ዙሪያ ያሉት ቤቶች አብዛኞቹ በመካከለኛው ዘመን የተሠሩ ምድር ቤቶች አሏቸው፤ ብዙዎቹም ምግብ ቤት፣ ካፌና የሙዚቃ ቤት ሆነዋል። አንዳንዶቹ መጀመሪያውኑ ለወይንና ለሸቀጥ ማስቀመጫ የተቆፈሩ ሲሆኑ፣ ሌሎቹ ግን በጥንት ጊዜ ከመንገዱ እኩል የነበሩ ክፍሎች ናቸው፤ መሬቱ ሲያድግ እነርሱ ታች ቀሩ። እኔ ከአደባባዩ በሚወጣ አንድ ጎዳና ላይ፣ በጠባብ ደረጃ ወደሚወረድበት ምግብ ቤት ገብቼ ዙሬክ የሚባለውን፣ ከተቦካ ዱቄት የሚሠራውን ሾርባ አዘዝኩ፤ ለእንጀራ ለለመደ አፍ ኮምጠጥ ማለቱ እንግዳ አይደለም። ጣሪያው ቅስት፣ ግድግዳው ነጭ የኖራ ድንጋይ ነበር። ከተቀመጥኩበት ጠረጴዛ ጀርባ፣ በግድግዳው ላይ፣ ዙሪያው በተጠረበ ድንጋይ የተከበበና መሃሉ በጡብ የተደፈነ ክፍተት አየሁ። አስተናጋጁን ምን እንደሆነ ስጠይቀው የጥንቱ የመንገድ በር መሆኑን ነገረኝ። በሩ ይከፈትበት በነበረው በኩል ዛሬ ያለው አፈር ነው፤ መንገደኞቹም ከጭንቅላታችን በላይ ይሄዱ ነበር።