ሻይ፣ ቡና፣ ማኪያቶ፦ የልጄ የፒያኖ ትምህርት በጅማ

ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው። ሄርማታ መርካቶ አካባቢ አንዲት መምህርት ቤቷ ውስጥ ፒያኖ ታስተምራታለች። ከጀመረች አምስት ወር ሊሆናት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ለአንድ ሰዓት፣ ስድስት ልጆች አብረው፣ በወር 1,200 ብር። "የት ነው የምትወስጃት?" የሚሉኝ እናቶች ስለበዙ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ ሌላ ቦታ ነበረች። እዚያ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ኖታ ፊቷ ተደቅኖ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት" ነው። ጣቷ ቁልፉን ያገኛል፤ ምቱ ግን የለም። ሲቀልላት ትሮጣለች፣ ሲከብዳት ትቆማለች። ስትሳሳት ጠረጴዛ ይደበደባል። ቅዳሜ በደረሰ ቁጥር "ሆዴን አመመኝ" ማለት ስትጀምር አስወጣኋት።

እዚህ የመጀመሪያው ቀን ኪቦርዱ ሳይነካ ግማሽ ሰዓት አለፈ። ከፋኝ። ለጨዋታ ነው እንዴ የከፈልኩት?

መምህርቷ ምንጣፉ ላይ አራት ሲኒ ደረደረች። አንዱ ሲኒ አንድ ምት ነው። አንድ የቡና ፍሬ ካለበት "ሻይ"፣ ሁለት ካለበት "ቡ-ና"፣ አራት ካለበት "ማ-ኪ-ያ-ቶ" ይባላል። የተደፋ ሲኒ ዝም ነው። ልጆቹ ጭናቸውን እየመቱ ያነባሉ። የተደፋው ላይ ሲደርሱ ስድስቱም ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ከዚያ አንዱ ተነስቶ ፍሬዎቹን ይቀያይራል፤ እንደገና ይነበባል። ሻይ ሩብ ኖታ፣ ቡና ስምንተኛ፣ ማኪያቶ አስራ ስድስተኛ የሚለው ስም የመጣው በአራተኛው ሳምንት ነው። ያኔ ነገሩ ገብቷቸዋል፤ የቀረው ስሙ ብቻ ነበር።

ሐሳቡ ከራሷ እንዳልመጣ ነግራኛለች። በሃንጋሪያዊው የሙዚቃ ደራሲ ዞልታን ኮዳይ ስም የሚታወቀው ትምህርት ሩብ ኖታን "ታ"፣ ሁለት ስምንተኛ ኖታዎችን "ቲ-ቲ" እያለ ያስጠናል። እሷ ጅማ አምጥታ ቡና አደረገችው። ግማሾቹ ልጆች ቤታቸው የሚያወሩት ኦሮምኛ ነው፤ ቡና ግን በሁለቱም ቡና ነው።

እኔ በጣም የወደድኩት የችክችካውን ጨዋታ ነው። እስከ ስድስት ይቆጥራሉ። ግማሾቹ አንድና አራት ላይ፣ ግማሾቹ አንድ፣ ሦስትና አምስት ላይ ያጨበጭባሉ። መጀመሪያ ይተራመሳል። ድንገት ሲገጥም ትከሻቸው ራሱ ይነሳል። ማንም እስክስታ ውረዱ አላላቸውም!

ጉድለቱንም ልናገር። ክፍሉ ጠባብ ነው። ያለው ኪቦርድ አንድ ብቻ፣ እሱም ባለ 61 ቁልፍ ነው። እውነተኛ ፒያኖ 88 አለው፤ ቁልፉም ይከብዳል፣ የጣት ጉልበት ይፈልጋል። ለአንድ ልጅ የሚደርሰው ደቂቃ ትንሽ ስለሆነ ቤት ውስጥ መለማመጃ ከሌለ ይከብዳል። ኖታ ማንበብም ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። በሁለት ወር ለዘመድ የሚጫወት ልጅ ለሚፈልግ አይሆንም። ደግነቱ መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ አይቀርም፤ ሲኒዎቹ ይወጣሉ።

ባለፈው እሁድ ቡና ስወቅጥ ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። "እማ፣ ቸኮልሽ" አለችኝ። ስለ ቡናው የምታወራ መስሎኝ "ደርሷል እኮ" አልኳት። "አይ፣ ምቱን ነው" አለች። ቀና ብዬ ሳያት ጭኗን በእርጋታ እየመታች ትጠብቀኛለች። ዘነዘናውን አንስቼ ከእሷ ጋር እኩል መውቀጥ ጀመርኩ።