ሞዘል ወይስ ቫኻው? ግራቭል ብስክሌት ይዞ ለሚወጣ የሁለት ሸለቆዎች ንጽጽር

ሞዘል ጀርመን ነው። ቫኻው ኦስትሪያ ነው፣ ዳኑብ ወንዝ ከሜልክ እስከ ክሬምስ የሚያልፍበት ሸለቆ። ሁለቱም ጋ ወይን የለበሰ ዳገት አለ፣ ግንብ አለ፣ ጎዳናቸው የጠበበ አሮጌ ከተሞች አሉ። በፎቶ አንዱን ከሌላው መለየት ያስቸግራል። ብስክሌት ላይ ስትወጡ ግን ሌላ ነው።

ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር። ኮረኮንች ፍለጋ የምትወጡ ከሆነ ገንዘባችሁን ሞዘል ላይ አውጡ። ከቤተሰብ ጋር ቅዳሜና እሁድን ዘና ለማለት ከሆነ ቫኻው ይሻላል። ግን ለቫኻው ብላችሁ ግራቭል (ለጠጠር መንገድ የተሠራ፣ ሰፋ ያለ ጎማ ያለው ብስክሌት) አትከራዩ፣ መግዛቱማ ይቅር።

መንገዱ

ቫኻው አጭር ነው። ከሜልክ ክሬምስ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደህና የሚነዳ ሰው በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። ከፓሳው ቪየና የሚዘልቀው የዳኑብ ብስክሌት መንገድ አንድ ቁራጭ ስለሆነ አስፋልቱ ለስላሳ ነው፣ ምልክቱ አያሳስትም። ነፋሱ ብዙ ጊዜ ከምዕራብ ስለሚመጣ ከሜልክ ተነስቶ ወደ ክሬምስ መውረድ ይመረጣል።

ሞዘል ከትሪር እስከ ኮብሌንዝ ብቻ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወንዙ እንደ እባብ ይጠማዘዛል፤ ጠዋት ያያችሁትን ግንብ ከሰዓት በኋላ ከጀርባው ታዩታላችሁ። የወንዝ ዳሩ መንገድ እዚህም አብዛኛው አስፋልትና ሜዳ ነው። ስለዚህ «የሞዘል ብስክሌት መንገድ» የሚለውን የጉዞ ጥቅል ገዝታችሁ ግራቭል ይዛችሁ ብትሄዱ ያው አስፋልት ነው የምትነዱት። ጠጠሩ ያለው ላይ ነው፣ ከወይኑ በላይ፣ ሁንስሩክና አይፈል በሚባሉት ደጋዎች ጫካ ውስጥ።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ከበርንካስትል ወደ ትራበን ትራርባኽ በወንዙ ዳር ከሄዳችሁ 20 ኪሎ ሜትር ያልፋል፣ ወንዙ ዞሮ ስለሚመጣ። ተራራውን አቋርጣችሁ ከወጣችሁ ርቀቱ ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ ዋጋው ከ200 ሜትር በላይ ቀጥ ያለ ዳገት ነው። መጀመሪያ በወይኑ መሐል ለትራክተር የተሠራ የአርማታ መንገድ አለ፤ እሱ ነው እግር የሚበላው። ጫካው ሲጀምር ዳገቱ ይለሰልስና ፒስታ መንገድ ይሆናል። ቁልቁለቱ ላይ ተጠንቀቁ። የሞዘል ድንጋይ ጠቆር ያለ፣ እንደ ወረቀት እየተላጠ የሚሰባበር ድንጋይ ነው። ሲደርቅ ከጎማ ሥር እየተንሸራተተ ይንሿሿል፣ ሲረጥብ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፣ ጠርዙ ደግሞ የጎማን ጎን ይቀዳል። ይኸው ድንጋይ ነው የቀኑን ፀሐይ ይዞ ማታ እየመለሰ ሪስሊንግ የተባለውን ወይን በዚያ ብርድ አገር የሚያበስለው። ለወይኑ ጥሩ፣ ለከመነዳሪ መጥፎ።

ሰው የማይነግራችሁ ልዩነት፦ የጫካ ሕግ

ለእኔ ጉዳዩን የሚቆርጠው ይህ ነው። በ1975 የወጣው የኦስትሪያ የደን ሕግ በእግር መሄድን ለሁሉም ይፈቅዳል፤ ብስክሌትን ግን የመሬቱ ወይም የመንገዱ ባለቤት ካልፈቀደ አይፈቅድም። በተግባር ለብስክሌት የሚል ምልክት የሌለበት የጫካ መንገድ፣ የቱንም ያህል ሰፊና የሚያምር ጠጠር ቢሆን፣ የተከለከለ ነው ማለት ነው። ቫኻው ውስጥ ካለችው ከሽፒትዝ ከተማ በላይ ያለው የያውርሊንግ ተራራ 960 ሜትር ነው፤ ካርታው ላይ መንገዶቹ ምራቅ ያስውጣሉ። የሚነዳው ግን ምልክት የተደረገበት ብቻ ነው። ስለዚህ ከስልክ መተግበሪያ ላይ አንድ መስመር አውርዳችሁ «ሌላውም ነድቶታል» ብላችሁ አትግቡ።

ሞዘል በራይንላንድ ፋልስ ግዛት ውስጥ ነው። እዚያ በጫካ መንገድ ላይ ብስክሌት መንዳት ይፈቀዳል፤ ቀጭን የእግረኛ መንገድና እንጨት እየተቆረጠ የተዘጋ ቦታ ብቻ አይገባም። ግራቭል የገዛ ሰው የሚፈልገው ደግሞ ይህንን ነው፣ ካርታ አይቶ «ይቺ ወዴት ትወስድ ይሆን» ብሎ የመግባት ነፃነት።

ሞዘል ላይ ብሬም መንደር አጠገብ ያለውን ካልሞንትን ግን እርሱት። ከአውሮፓ እጅግ ቀጥ ያለ የወይን እርሻ የሚባለው እሱ ነው፣ አንዳንድ ቦታ 65 ዲግሪ ይደርሳል። ገበሬዎቹ ራሳቸው በሐዲድ ላይ በምትሄድ ትንሽ ተሽከርካሪ ነው የሚወጡት። ከታች ቆማችሁ እዩት፣ ይበቃል።

የትኛውን ብስክሌት?

ለቫኻው ተራ የቱሪንግ ብስክሌት፣ ለእናት አባት ደግሞ የኤሌክትሪክ ብስክሌት። አለቀ። ልጆች ካሉ ኦስትሪያ ውስጥ ከ12 ዓመት በታች ሄልሜት ግዴታ ነው።

ለሞዘል ላይኛው መንገድ የጎማው ስፋት ከ40 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ የሚቻል ከሆነም ያለ ከመነዳሪ የሚሠራው ዓይነት። ከማርሽ ጋር አትጫወቱ፦ ከፊት ባለ 40 ጥርስ አንድ ማርሽ ካለ ከኋላ ትልቁ ቢያንስ 42 ጥርስ ይሁን። አለበለዚያ የወይኑን ዳገት ብስክሌቱን እየገፋችሁ ነው የምትወጡት። አከራዮች ዘንድ የሚበዛው ቱሪንግና ኤሌክትሪክ ነው። ግራቭል ስትጠይቁ «አለ» ካሏችሁ የጎማውን ስፋት በቁጥር ይንገሯችሁ። 32 ሚሊ ሜትር ጎማ ገጥመው ግራቭል የሚሉ አሉ።

ከተሞቹ

እዚህ ላይ ቫኻው ይጠነክራል፣ ምክንያቱም ሁሉም ነገር ተጠጋግቷል። ሜልክ ላይ ከዓለቱ አናት የተቀመጠ ቢጫ የቤኔዲክት ገዳም አለ፤ በ1089 ተመሥርቶ አሁን የምናየው ሕንፃ ከ1702 ጀምሮ የታነፀ ነው። ቪለንዶርፍ በ1908 ያቺ 11 ሴንቲ ሜትር የምታህል የጥንት ሴት ምስል የተገኘችበት መንደር ናት። ዱርንሽታይን ደግሞ የእንግሊዙ ንጉሥ ሪቻርድ ከመስቀል ጦርነት ሲመለስ በ1192 ተይዞ የታሰረበት ነው። ፍርስራሹ ከከተማው በላይ ቆሟል፤ ብስክሌት አስራችሁ በእግር ውጡ። ከተማው ራሱ ግን ከሽርሽር መርከብ በሚወርድ ሰው ይጨናነቃል፣ ዋናው ጎዳና ላይ ወርዶ መግፋት ነው።

መሸሻው ቀላል ነው፣ ወንዙን መሻገር። ሽፒትዝ ላይ ያለችው ጀልባ ሞተር አያንቀሳቅሳትም። ከወንዙ በላይ በተዘረጋ የብረት ገመድ ታስራለች፤ ጀልበኛው አቅጣጫዋን ጠምዘዝ ሲያደርጋት ውኃው ራሱ ገፍቶ ያሻግራታል። ብስክሌት ትጭናለች። ከማዶ አርንስዶርፍ የአፕሪኮት እርሻ ነው፣ ጸጥ ያለ። በሐምሌ ወር በፈረንጆቹ ከሄዳችሁ ፍሬው መንገድ ዳር ይሸጣል።

ሞዘል ላይ ከተሞቹ ተራርቀዋል፣ እያንዳንዳቸው ግን ጊዜ ይፈልጋሉ። ትሪር የሮማውያን ከተማ ናት፤ ፖርታ ኒግራ የተባለው ጥቁር በር ከ1,800 ዓመት በላይ ቆሟል። ካርል ማርክስም የተወለደው እዚያው ነው፣ በ1818። በደርግ ጊዜ ለተማረ ሰው ይህ ቤት ያለ ወሬ አይታለፍም። በ1984 ምሥራቅ ጀርመን ለአዲስ አበባ የሰጠችው የማርክስ ሐውልት ዩኒቨርሲቲው አጠገብ እስካሁን አለ፤ ትሪር ግን የራሷን ትልቅ ሐውልት ያገኘችው በ2018 ከቻይና ነው። ከሰላሳ ዓመት በላይ ቀድመናታል። በርንካስትል በእንጨትና በጭቃ በተሠሩ ዘመም ያሉ ቤቶቿ ታምራለች። የኮኸም ግንብ ከሩቅ ግሩም ነው፤ ግን በ1689 ፈረንሳዮች አፍርሰውት በ19ኛው ክፍለ ዘመን የታደሰ ነው። ያልፈረሰውን ኦሪጅናል ከፈለጋችሁ ወደ ኤልትዝ ግንብ ውጡ።

መጠጥና ምግብ

ሁለቱም ጋ ገበሬው የራሱን ወይን በራሱ ግቢ ይሸጣል። ክፍት ሲሆን በሩ ላይ ቅጠል ያንጠለጥላል፣ ጠላ ቤት በር ላይ እንጨት ላይ የተደፋ ጣሳ እንደሚሰቀለው። ጀርመን ውስጥ እንዲህ ያለው ቤት በዓመት የተወሰኑ ወራት ብቻ ነው የሚከፍተው፣ ስለዚህ ቅጠሉን ካያችሁ ግቡ።

ገደቡን ግን እወቁ። ኦስትሪያ ለብስክሌተኛ በደም ውስጥ ያለ አልኮል 0.8 ፕሮሚል (ከሺህ 0.8) ነው፤ ከዚያ ካለፈ ቅጣቱ ከ800 ዩሮ ይጀምራል። ጀርመን 1.6 ነው፤ ቢሆንም እየተንገዳገደ የነዳ ወይም አደጋ ያደረሰ ከ0.3 ጀምሮ ሊጠየቅ ይችላል። ለምሳ ሰዓት ሞዘል ላይ ካቢኔት የተባለውን ሪስሊንግ እዘዙ፣ አልኮሉ ብዙ ጊዜ 8 ወይም 9 በመቶ ነው። ቫኻው ላይ ሽታይንፌደር የሚባለው ቀላሉ ነው፣ ከ11.5 በመቶ አይበልጥም። ስማራግድ የሚለውን ከባዱን ለማታ አቆዩት።

ጾመኞች ትንሽ ትቸገራላችሁ። በእነዚህ ቤቶች የሚቀርበው ሥጋና አይብ በሳንቃ ላይ ነው። «ጾም ነኝ» ብሎ ከማስረዳት «ቪጋን» ማለት ይፈጥናል፤ ድንችና ሰላጣ ግን አይጠፋም። ቋጥራችሁ ሂዱ።

ጥቅል መግዛት ያስፈልጋል?

ለቫኻው አያስፈልግም። ከቪየና ክሬምስ በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ሜልክም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ብስክሌቱን እዚያው ተከራዩ።

ለሞዘል ሁለት መንገድ አለ። ሻንጣ ከሆቴል ሆቴል የሚያመላልስላችሁ ጥቅል ከትሪር ኮብሌንዝ በወንዙ ዳር ለሚወርድ ሰው ደህና ነው። ጫካ ለሚወጣ ግን ገንዘብ ማባከን ነው፤ ከላይ ስትዞሩ ቆይታችሁ የግድ 50 ኪሎ ሜትር ራቅ ያለ ሆቴል መድረስ አለባችሁ። እኔ ብሆን ትራበን ትራርባኽ ላይ አንድ ማረፊያ ይዤ በየቀኑ እየወጣሁ እመለሳለሁ። ባቡር አላት፣ በቡላይ በኩል። በርንካስትል ባቡር የላትም፣ ይህን ሳያዩ ሆቴል የሚይዙ ብዙ ናቸው። ለአንድ ቀን ደግሞ ብስክሌት በሚጭነው አውቶቡስ ከበርንካስትል ዳውን ወደምትባለው ከተማ ወጥታችሁ፣ በድሮ የባቡር ሐዲድ ላይ በተሠራው 58 ኪሎ ሜትር መንገድ ውረዱ። አስፋልት ነው፣ ግን ዋሻውና ድልድዩ ያስደስታል፤ ለደከመ እግር ይሆናል።

ፍራንክፈርት ላሉት ኮብሌንዝ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፣ ዶይችላንድ ቲኬት የሚባለው የወር ትኬትም በክልል ባቡር ይሠራል። ለብስክሌቱ ሰዓቱን እዩ፤ በራይንላንድ ፋልስ በሥራ ቀን በነፃ የሚጫነው በፈረንጅ ሰዓት ከ9 በኋላ ነው።

ወቅቱ ለሁለቱም በፈረንጆቹ መስከረምና ጥቅምት ይመረጣል። በዚያን ጊዜ ግን ወይን እየተለቀመ ስለሆነ የወይኑ መሐል መንገድ የትራክተሩ ነው፣ ጥግ ይዛችሁ አሳልፉ። ሞዘል ላይ ክፍሉን ቀድማችሁ ያዙ፤ በለቀማ ወቅት ቅዳሜን ለአንድ ሌሊት ብቻ የማያከራዩ ማረፊያዎች ብዙ ናቸው። ቫኻውን ግን ጠዋት ከቪየና ወጥቶ ማታ መመለስ ስለሚቻል ይህ ጣጣ የለበትም።