የሞተር ዘይት፦ በራስ እጅ ወይስ በመካኒክ?

የሞተር ዘይትን በራስ እጅ መቀየር ብዙ ገንዘብ ያተርፋል የሚለው ምክር የሚሠራው የመካኒክ ጉልበት ውድ በሆነበት አገር ነው። ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላምም ሆነ እንጅባራ ሒሳቡ ሌላ ነው። ከሚወጣው ገንዘብ ትልቁን ድርሻ የሚወስዱት ዘይቱና ፊልትሮው (የዘይቱ ማጣሪያ) ናቸው፤ የጉልበቱ ዋጋ ከእነሱ አጠገብ ሲታይ ትንሽ ነው። ስለዚህ እኔ ሁለቱን የማነጻጽረው በዋጋ ሳይሆን በአንድ ጥያቄ ነው፦ ሞተሩ ውስጥ የገባው በእርግጥ የታዘዘው ዘይት ነው? ፊልትሮውስ ተቀይሯል?

በጎጃም መንገድ ይህ ጥያቄ ከባድ ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርድና ያንኑ ያህል ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣል። በዚያ ሙቀት፣ በከባድ ማርሽ ዳገቱን የሚገፋ ሞተር ዘይቱ የጎደለ ወይም ያረጀ ከሆነ ብረት ከብረት ይፋጫል። ከአስፋልት ወጣ ሲባል ደግሞ የበጋው አቧራ አለ። ተራው ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል ቢባልም፣ በገጠር መንገድ ለሚውል መኪና ከዚያ ቀደም ማለቱን እመርጣለሁ።

የመካኒኩ ትልቁ ጥቅም ከመኪናው በታች መቆም መቻሉ ነው። ጉድጓድ ያለው ጋራዥ ውስጥ ሥራው በግማሽ ሰዓት ያልቃል፤ ልምድ ያለው ዓይን እግረ መንገዱን የሚያንጠባጥብ ቱቦ ወይም የተቀደደ ጎማ ያያል። ችግሩ የሚጀምረው ዘይቱ ከየት እንደተቀዳ ሳይታወቅ ሲቀር ነው። «ጋሼ፣ ፊልትሮው ገና ነው፤ በሚቀጥለው እንቀይረዋለን» የሚባለውንም አይቀበሉ። አሮጌው ፊልትሮ በሆዱ ቆሻሻ ዘይት ይዞ ይቀራል፤ አዲሱ ዘይት ገና ከመጀመሪያው ከእሱ ጋር ይደባለቃል።

ዘይቱን በራስ እጅ መቀየር ይህን ጥርጣሬ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ቦታና ጥንቃቄ ግን ይጠይቃል። ከፍ ያለ ፒክአፕ ያለው ሰው ክሪክ ሳያስፈልገው ከሥር ሊገባ ይችላል። እንደ ቪትዝ ያለ ዝቅ ያለ መኪና ግን መነሣት አለበት፤ ሲነሣ ደግሞ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር መግባት ሕይወትን ለአደጋ መስጠት ነው። ድንጋይ መደርደርም መፍትሔ አይደለም። ካቫሌቶ የሚባለው የብረት መደገፊያ ከሌለ፣ መሬቱም ሲሚንቶ ወይም የጠነከረ ሜዳ ካልሆነ ሥራው ይቅር። በክረምት በጎጃም ጭቃ ላይ ክሪክ ይሰምጣል፤ በሐምሌ ይህን በግቢ ውስጥ መሞከር በፍጹም አልመክርም።

ቦታው ካለ የሚበላሹት ነገሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው የማፍሰሻው ቡሎን ነው፤ በብዙ የቶዮታ መኪናዎች በ14 ቁልፍ ይፈታል። ሲመለስ መጀመሪያ በጣት ብቻ እየዞረ መግባት አለበት፤ በኃይል የገባ ቡሎን ጥርሱን ይበላል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ወጪ የብዙ ጊዜ የጉልበት ዋጋ ነው። ሁለተኛው የፊልትሮው የላስቲክ ቀለበት ነው። አሮጌው ፊልትሮ ሲፈታ ቀለበቱ አንዳንዴ ሞተሩ ላይ ተለጥፎ ይቀራል፤ በእሱ ላይ አዲሱ ከታሰረ ሞተሩ ሲነሣ ዘይቱ በግፊት ወደ ውጭ ይረጫል። መቀመጫውን በጨርቅ ጠርጎ፣ አዲሱን ቀለበት በጣት ዘይት ቀብቶ፣ ላስቲኩ ከነካ በኋላ በእጅ ብቻ ከግማሽ እስከ ሦስት አራተኛ ዙር ማጥበቅ ይበቃል።

ለአብዛኛው የከተማ ባለመኪና ግን እኔ የምመርጠው በሁለቱ መካከል ያለውን ነው፦ ዕቃውን በራስ መግዛት፣ ሥራውን ለመካኒክ መስጠት። የመኪናው መመሪያ የሚያዝዘውን የዘይት ቁጥር (የውፍረቱን ደረጃ) እና መጠን ጽፈው ይያዙ፤ ሻጩ «ሁሉም አንድ ነው» ቢል አይስማሙ። ማኅተሙ ያልተነካ ጋሎን ከሚያምኑት ሻጭ ይግዙ፣ ክዳኑም ፊትዎ ይከፈት። አሮጌው ፊልትሮ ወርዶ ሲቀመጥ ይዩ። ባዶውን ጋሎን ደግሞ ይዘው ይሂዱ ወይም ይብሱት፤ ጤነኛ ባዶ ጋሎን ተመሳስሎ ለተሠራ ዘይት መያዣ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ተነሥቶ ጠፍቶ ጥቂት ደቂቃ ካረፈ በኋላ የመለኪያውን ዘንግ በራስዎ እጅ ስበው ያንብቡ። ከላይኛው ምልክት ማለፍም እንደ መጉደሉ ጉዳት አለው። ጋራዥ ከሌለበት የገጠር ከተማ ሆኖ ፒክአፕ የሚነዳ ሰው ግን ሙያውን ይልመድ፤ ለዘይት ብቻ ረጅም መንገድ መመላለስ አያዋጣውም።

የተቃጠለው ዘይት የት ይደረጋል? ጋራዥ በበርሜል ያጠራቅመዋል፤ ቤት ውስጥ የቀየረ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ወደ ቦይ ይደፋዋል። በጎጃም ቦዩ የሚያደርሰው ወደ ምንጭ፣ ወደ ግልገል ዓባይ፣ ወደ ጣና ነው። ለምስጥ መከላከያ ቋሚ እንጨት የሚቀቡበትም አሉ፤ ቆዳን ለካንሰር የሚያጋልጥ በመሆኑ ያለ ጓንት አይነካ፣ ልጆች በማይደርሱበት ቦታም ይቀመጥ። የቀረውን በጀሪካን ዘግቶ ለጋራዥ መስጠት ይቻላል፤ አዲስ ፊልትሮ ሊገዙ በሚሄዱበት ቀን ይዘውት ይውጡ።