የድሮ አስፈሪ ፊልም በነጻ፦ ኢንተርኔት አርካይቭ

አስፈሪ ፊልም የምትወዱ፣ ኢንተርኔት አርካይቭ የተባለውን ድረ ገጽ ሞክሩት። ነጻ ነው፣ ለማየት መመዝገብ አያስፈልግም፣ በዚያ ላይ ብዙዎቹን ፊልሞች አውርዳችሁ ኢንተርኔት በሌለበት ማየት ትችላላችሁ። የዳታ ዋጋ ለሚያሳስበው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በ1922 እ.ኤ.አ. በወጣው የጀርመኖች «ኖስፌራቱ» ጀምሩ። ድምፅ የለውም፣ ደምም ብዙ አታዩም፤ ደረጃ የሚወጣው ጥላ ብቻውን ግን በቂ ነው። «ድራኩላ» የተባለውን የደም መጣጭ ልብ ወለድ ታሪክ ያለ ፈቃድ ስለወሰደ ፍርድ ቤት ቅጂዎቹ እንዲጠፉ አዝዞ ነበር፣ ደግነቱ ሁሉም አልጠፉም።

ከዚያ ወደ 1968 ዝለሉ፣ ወደ ጆርጅ ሮሜሮ «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ»። ዛሬ የምናውቀው ሥጋ በሊታ ዞምቢ የመጣው ከዚህ ነው። በትንሽ ገንዘብ የተሠራ፣ ጥቁርና ነጭ፣ አንድ ቤት ውስጥ የታጎሩ ሰዎች፤ እና ከውጭ ካሉት ሙታን ይልቅ የውስጦቹ ንትርክ ነው የሚያስጨንቀው፣ መሪ ተዋናዩ ጥቁር አሜሪካዊ መሆኑ ደግሞ ለዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነበር። መጨረሻውን አልነግራችሁም። በነጻ የሚገኘውም ርዕሱ ሲቀየር የቅጂ መብት ማሳሰቢያው ተረስቶ ስለቀረ ነው። ስንት ብር እንዳመለጣቸው አስቡት!

አርካይቩ ጉድለትም አለው። የአንድ ፊልም ብዙ ቅጂ ይኖራል፣ አንዳንዱም ደብዛዛ ነው፤ ከማውረዳችሁ በፊት ትንሽ አይታችሁ ምረጡ። የአማርኛ ትርጉም አትጠብቁ። አዲስ አዲሱን የምትፈልጉ፣ አሜሪካ ያላችሁ በተለይ፣ በአስፈሪ ፊልም ላይ ብቻ የሚሠራው ሸደር (Shudder) የተባለው የኢንተርኔት ፊልም ማሳያ ይሻላችኋል፣ እሱ ግን በክፍያ ነው።