ከጅማ ለፍልውሃ፦ ወሊሶ ወይስ አዲስ አበባ?

ቁርጥማት የያዘው የጅማ ሰው «ፍልውሃ ግባ» መባሉ አይቀርም። የት ግን?

መንገድ፦ ወሊሶ ትቀርባለች። አዲስ አበባ ለመግባት 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀር ይወርዳሉ፤ የትራንስፖርት ወጪውም ይቀንሳል።

ዝና፦ አዲስ አበባን የሚያህል የለም። እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃውን ወደው አጠገቡ ቤት ያሠሩት፣ ከተማዋም የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ነው።

እምነት፦ ሁለቱም ቁርጥማት፣ የወገብ ሕመምና የቆዳ በሽታ ያወጣሉ ይባላል። ሙቀቱ መገጣጠሚያን ያፍታታል፣ እውነት ነው። በሽታን ነቅሎ መጣሉን ግን ለአማኙ ልተወው። «ስትወጣ ንፋስ እንዳይመታህ ተጠቅለል» የምትለዋን ምክር ግን እኔም እሰማታለሁ!

ጥንቃቄ፦ የልብ ሕመምተኛና ነፍሰ ጡር ሐኪም ሳያማክሩ አይግቡ። መድኃኒትም አይቋረጥ።

ረጋ ብለው ማረፍ ካሰኘዎት ወሊሶ። ለሕክምና ቀጠሮ ወይም ለዘመድ ጥየቃ አዲስ አበባ የሚሄዱ ከሆነ እዚያው ይታጠቡ።